የበረኛው አስተርጓሚ

ከእናታችሁ ጋር አዲሱ ገበያ ዶሮ ለመግዛት ወርዳችሁ የምታውቁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ሁለት ዓይነት ዶሮ አለ። አንዱ የፈረንጅ ነው፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል። ሌላው የሐበሻ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሻጩን በጥፍሩ ቧጥጦ ለማምለጥ የሚታገል። እናቶቻችን ያለ ምንም ማመንታት ወደ ሐበሻው ይሄዳሉ። ዋጋው ቢወደድም፣ ሥጋው ቢያንስም፣ ለመገነጣጠል ቢያስቸግርም የሐበሻ ይሻላል። እንቁላልም እንደዚሁ ነው። ቅቤም፣ ጎመንም እንደዚሁ። «የሐበሻ ነው» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ጣዕም አለው ማለት ነው።

እነዚሁ ሰዎች ታዲያ ከገበያ ወጥተው ኳስ ሜዳ ሲደርሱ ምን እንደሚነካቸው አላውቅም። እዚያ የሐበሻ የሚለው ቃል ጣዕሙን ያጣል። «በረኛው ከየት ነው?» «ከውጭ ነው።» «አሃ!» በቃ፣ ገና አንድ ኳስ ሳይዝ ተጨበጨበለት። የሰፈሩ ልጅ ግን ስንት ኳስ ቢያድን «ዕድለኛ ነው» ይባላል፤ አንዷ ካመለጠችው ደግሞ «ድሮስ የእትዬ እገሌ ልጅ አይደል!» ተብሎ እስከ እናቱ ድረስ ይወረዳል። ምነው ዶሮ ሆኜ በተፈጠርኩ ያልኩበት ጊዜ አለ። ወዲያው ግን የዶሮ መጨረሻ ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። ስለ ትልልቆቹ ክለቦች በሬዲዮ ሲከራከሩ እንሰማለን። አንዱ «የውጭ ተጫዋች ካልመጣ ደረጃችን አያድግም» ይላል። ሌላው «የውጭው እየተሰለፈ የእኛ ልጅ መቼ ተጫውቶ ይደግ?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከዚያ ማስታወቂያ ይገባል። እኔ ያንን ክርክር ማስታወቂያ በማይገባበት ቦታ ነው ያየሁት፤ እዚሁ ጉለሌ፣ ከሸጎሌ መንገድ ከፍ ብሎ ባለው ጭቃ ሜዳ ላይ።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የሰፈሮች ዋንጫ ይጀመራል። ሜዳችን ዳገት ላይ ስለሆነ ቡድኖች ጎል ሲመርጡ ነፋስና ፀሐይ አያዩም፤ የሚያዩት ቁልቁለቱን ነው። የጎሉ ምሰሶዎች ከባህር ዛፍ የተሠሩ ናቸው። እስቲ ይህን ዛፍ ተመልከቱት። ከባህር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ እንጦጦን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞት ግን ማንም «የውጭ ነህ» ብሎት አያውቅም። ቶሎ ካደጉና ምሰሶ ከሆኑ መነሻን የሚጠይቅ የለም ማለት ነው።

ያ ክረምት የእኔ ተራ ነበር። ዋናው በረኛችን፣ ቤተሰቦቹ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ስለሄዱ፣ ጓንቱ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለቆየሁት ለእኔ ደረሰ። ቁመት አለኝ። እጄ ሰፊ ነው። በዝላይም አላንስም። የሚጎድለኝ አንድ ነገር ነው።

ድምፅ።

እናንተ በረኛ በእጁ የሚጫወት ይመስላችሁ ይሆናል። በረኛ የሚጫወተው በአፉ ነው። ሜዳውን ሙሉ ፊት ለፊት የሚያየው እሱ ብቻ ነው፤ ተከላካዮቹ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። «ውጡ» ካላላቸው አይወጡም። «ከኋላህ ሰው አለ» ካላላቸው አያውቁም። ኳስ በአየር ሲመጣ «የኔ!» ብሎ ካልጮኸ ደግሞ ሁለት ሰው ለአንድ ኳስ ይዘላል። እኔ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ጉሮሮዬን ስጠርግ መምህሩ ቀሪ ብሎኝ የሚያልፍ፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ከቤቴ አልፌ ወርጄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ኳስ ከማዕዘን ተሻማ፤ የእኔ እንደሆነች አየሁ፤ «የኔ» አልኩ። እምላለሁ፣ ብያለሁ። የመሀል ተከላካያችን ሙሌ ግን ሳይሰማኝ ለጭንቅላት ዘለለ፤ እኔም ለመያዝ ዘለልኩ፤ ጭንቅላትና ጭንቅላት ተገጫጭተን ጭቃው ላይ ስንዘረጋ ኳሷ በመካከላችን ተንከባልላ ገባች። ሙሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ጎረቤቴ ነው፤ ከእኔ የተቀነሰው ድምፅ ለእሱ የተጨመረለት ይመስላል። ግንባሩን እያሻሸ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ፣

«ወንድሜ፣ ለኳሷ ብቻ ነው እንዴ የነገርካት?» አለኝ።

አሠልጣኛችን ጋሽ ታደሰ ናቸው። ሥራቸው ጎሚስታ ነው፤ መንገድ ዳር ባለችው ቤታቸው የሚኒባሶችን ጎማ ሲነፉና ሲለጥፉ ይውላሉ፤ ሰውንም በጎማ ዓይን ነው የሚያዩት። ከጨዋታው በኋላ ትከሻዬን ይዘው «ብሩኬ፣ ከላይ ሲያዩህ አዲስ ነህ» አሉኝ። «ግን ነፋስ የለህም። ያለ ነፋስ ደግሞ ጎማ አይሄድም ልጄ።» ክፋት የላቸውም። ለዚህም ነው ይበልጥ ያመመኝ።

የቡድናችን ሊቀመንበር ጋሽ ከድር ግን ቁስሉን ከማየት ይልቅ መድኃኒቱን ይዘው መጡ። ጋሽ ከድር ባለ ሱቅ ናቸው። ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ኢማኑኤል የሚባል ጋናዊ ተከራይቶ ነበር፤ ክፍለ ሀገር ባለ አንድ ክለብ በረኛ ሆኖ ሲጫወት ቆይቶ፣ ውሉ ሲያልቅ ሌላ ክለብ እስኪያገኝ አዲስ አበባ የተቀመጠ። ሰፈሩ ስሙን ገና በሁለተኛው ቀን አማኑኤል ብሎ አሐበሸው። ፈረንጅ ነው አይደለም የሚል ትንሽ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ጋሽ ታደሰ «አማርኛ የማይችል ሁሉ ፈረንጅ ነው» ብለው ዘጉት።

ልምምድ ላይ ሲመጣ ያልወጣ ሰው አልነበረም። አማኑኤል ጎሉ መሀል ሲቆም ምሰሶዎቹ የቀረቡ መሰሉ። ሙሌ በሙሉ ኃይሉ የመታትን ኳስ እንደ ብርቱካን በአንድ እጁ ለቀማት። ጋሽ ከድር «አያችሁ? የውጭ እኮ ሌላ ነው!» አሉ። እኔም አየሁ። መዋሸት አልችልም፤ እውነትም ጎበዝ ነበር። ጓንቴን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ይሁን እንጂ አማኑኤል አንድ ችግር ነበረበት፤ ተከላካዮቹ የሚናገረውን አይሰሙም። እንግሊዝኛ ሁላችንም ተምረናል፤ ሆኖም ኳስ እየመጣ እንግሊዝኛ አይገባም። አማርኛ ለመልመድ ሞክሮ ነበር፤ አስተማሪው ግን የጋሽ ከድር ባለቤት ነበሩ። እሳቸው ደግሞ እንግዳን የሚያከብሩ ጨዋ ሴት ስለሆኑ በአንቱታ ነው የሚያናግሩት። በመጀመሪያው ልምምድ አጥቂ በግራ በኩል ሾልኮ ሲመጣ አማኑኤል በዚያ ጎርናና ድምፁ «ይውጡ! እባክዎ፣ ይውጡ!» ብሎ ሙሌ ላይ ጮኸበት። ሙሌ ሊወጣ ቀርቶ ሊቆም አልቻለም፤ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ኳሷም ገባች።

ያኔ ጋሽ ከድር ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ።

«ብሩክ እንግሊዝኛ ጎበዝ ነው አይደል? ከጎሉ ጀርባ ይቁም። እሱ የሚለውን ለልጆቹ ያስተርጉም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ቦታዬን የወሰደው ሰው ስለ ቦታዬ የሚናገረውን፣ ከቦታዬ ጀርባ ቆሜ ላስተረጉም ነው። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። «እሺ» የሚል ቃል ወጣ። እኔ ዘንድ የሚኖረው እሱ ቃል ብቻ ነው መሰለኝ።

የመጀመሪያው የማስተርጎም ጨዋታ መከራ ነበር። አማኑኤል በእንግሊዝኛ ይጮኻል፤ እኔ ሰምቼ፣ አማርኛውን ፈልጌ፣ አፍሬ፣ ደፍሬ ስናገር አጥቂው ሠርቶ ጨርሷል። ሙሌ ዞር ብሎ «አስተርጓሚው፣ ዜናው የትናንት ነው እኮ!» አለኝ። ደጋፊው ሳቀ። አማኑኤል አልሳቀም። ኳስ ወደ ላይ ስትሄድ ወደ እኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ፣

«ቃሉ የእኔ ነው» አለኝ። «ስህተት ከሆነ በእኔ ይሳቁ። አንተ ምን አገባህ? ዝም ብለህ ጩኽ።»

ነገሩን አሰብኩት። እውነቱን ነው። እኔ የማፍረው በራሴ ቃል ነው፤ ይሄ ደግሞ የሰው አደራ ነው። የሰው ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ «ዞር በሉ!» ለማለት አያፍርም፤ ተሸካሚዎችን አይታችሁ የለም? የሚቀጥለው ኳስ ሲመጣ «ግራ! ሙሌ፣ ግራህን!» አልኩ። ድምፁ ከየት እንደወጣ ለማየት እኔ ራሴ ዞር ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየጨዋታው ትንሽ ትንሽ ጨመረ። ጋሽ ታደሰ ባያስተውሉትም ነፋስ እየገባልኝ ነበር። ደግሞ አማኑኤል ከልምምድ በኋላ አይለቀኝም። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እኔን ጎል ውስጥ አቁሞ ይመታልኛል። እግሬ የት መቆም እንዳለበት፣ በጭቃ ላይ ኳስ ስትነጥር እንዴት በደረት እንደምትታቀፍ፣ አጥቂ ብቻውን ሲመጣ መቼ መውጣት መቼ መጠበቅ እንደሚገባ፣ ሁሉንም አሳየኝ። ቡድኑ እኔን ለማሠልጠን አልነበረም ያመጣው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ግን ሳይታቀድ ነው የሚሆነው። የሬዲዮ ተከራካሪዎች ይህንን ከየትኛው ወገን እንደሚያደርጉት አላውቅም።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ከጎሉ አጠገብ ካለች የቆርቆሮ ጥግ ተጠልለን «ለምን ታሠለጥነኛለህ?» አልኩት። ጓንቱን እየጨመቀ መለሰልኝ።

«እኔም አገሬ ላይ ተጠባባቂ ነበርኩ። ከፊቴ ከጎረቤት አገር የመጣ በረኛ ነበር። ጎበዝ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። እሱን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ ሰለቸኝና ቦታ ፍለጋ አገሬን ጥዬ ወጣሁ። እዚህ መጣሁና...» ትንሽ ሳቅ አለ። «እዚህ ደግሞ ያ ሰውዬ እኔ ሆንኩ።»

«እሱ ያሠለጥንህ ነበር?»

«አንድ ቀን እንኳን» አለኝ። «ስሜንም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

በዚያ ቀን ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። አማኑኤልን ልጠላው አልችልም፤ ስለዚህ ቦታዬን በጥላቻ አላገኛትም። በችሎታ ብቻ ነው የማገኛት። ቦታዬን እፈልጋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ቢሆን በዝግታ ነው ያልኩት።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ ያስተዋለው ሙሌ ነው። አማኑኤል አፉን ሳይከፍት እኔ እጮኻለሁ! አየሁ፣ ገባኝ፣ ተናገርኩ። «ውጡ! መስመሩን ያዙ! ሙሌ ከኋላህ!» አማኑኤል ከፊቴ ሆኖ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል፤ ኳስ ሲመጣ ብቻ ይይዛል። ተከላካዮቹ አንድ ጊዜ እንኳ «ምን አለ?» ብለው አልጠየቁም። አሸነፍን። የተሸነፈው ቡድን አሠልጣኝ ግን ዳኛው ዘንድ ሮጦ፣

«እነዚህ አሥራ ሁለት ሆነው ነው የተጫወቱት!» አለ። «አንደኛው በረኛ ውስጥ ነው፣ ሌላኛው ውጭ!»

የውድድሩ አዘጋጆች ተሰብስበው ተነጋገሩና ውጤቱን አጸደቁ፤ ለፍጻሜው ግን ከጎል ጀርባ ማንም ሰው እንዳይቆም ወሰኑ። በሕይወቴ በእኔ ምክንያት ሕግ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ጋሽ ታደሰ ጎሚስታ ቤት ስብሰባ ተደረገ። ጋሽ ከድር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሌ ግድግዳ ተደግፏል፤ አማኑኤል መሀል ቆሟል፤ እኔ አጠገቡ ነኝ፤ አስተርጓሚ ነኛ። ጥያቄው ግልጽ ነበር። በፍጻሜው አማኑኤል ከጀርባው ድምፅ አይኖረውም። ምን ይደረግ?

«አማርኛ እናስተምረው» አሉ ጋሽ ከድር። «ጥቂት ቃል ይበቃዋል።»

«የተማረውን አይተነዋል» አለ ሙሌ። «ጋሼ፣ 'ይውጡ' ሲለኝ እኔ ማሊያዬን አውልቄ ካባ የምለብስ ነው የሚመስለኝ።»

«ዝም ብሎ ይያዝ በቃ። እጁ ይበቃናል» አሉ ጋሽ ታደሰ። ሆኖም ራሳቸውም አላመኑበትም።

ያኔ አማኑኤል መናገር ጀመረ። ረጋ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች እያየ። «ለፍጻሜው ብሩክ ይግባ። ልጆቹ የሚሰሙት የእሱን ድምፅ ነው። በዛሬው ጨዋታ የእኔን ቃል ሲያስተረጉም አልነበረም፤ የራሱን ሲናገር ነው የዋለው። በእጁም ደርሷል። እዚህ ሜዳ ላይ አሁን ከእኔ ይሻላል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አስተርጉም!

እስቲ ራሳችሁን እኔ ቦታ ላይ አድርጉት። በትልልቅ ሰዎች ፊት፣ በገዛ አፌ፣ «ብሩክ ይሻላል» ልል? እኛ ቤት ሰው ሲያመሰግንህ እንኳ «ኧረ ምንም አይደል» ብለህ አንገትህን መድፋት ነው ያደግንበት። ምግብ ሲቀርብልህ ርቦህም «በልቻለሁ» ትላለህ። ራሱን ያመሰገነ ልጅ ከሰረቀ ልጅ አይሻልም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር አሸነፈኝ።

«እ... አመሰግናለሁ ነው የሚለው» አልኩ።

«ይህን ሁሉ አውርቶ?» አሉ ጋሽ ከድር።

አማኑኤል ቆጣ ብሎ አየኝ። ከአማርኛ ሁሉ አሳምሮ የሚያውቃት አንድ ቃል ብትኖር «አመሰግናለሁ» ናት። ጣቱን እያወዛወዘ «ኖ፣ ኖ! አመሰግናለሁ ኖ!» አለ። ሙሌ መሳቅ ጀመረ።

አማራጭ አልነበረኝም። ዓይኔን መሬቱ ላይ ካለ ቸርኬ ላይ ተክዬ ያለውን በሙሉ አስተረጎምኩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ጆሮዬ ይነድ ነበር።

ጋሽ ከድር ጎማው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። «እንዴ! አስተርጓሚ ለራሱ ሲያስተረጉም ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። «ልጄ፣ ሰውዬው እንዲህ አለ? ወይስ አንተ ነህ ያልከው?»

ልብ በሉ፤ ስዋሽ አምነውኝ ነበር ማለት ይቻላል። እውነቱን ስናገር ነው ያልታመንኩት። አማኑኤል «የስ፣ የስ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ ግን እኔ ምን እንዳልኩ ካላወቀ ለምኑ ነው የሚነቀንቀው? ጋሽ ታደሰም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ነገሩ በዚያው ሊዘጋ ነበር። ሲዘጋ ታየኝ። የሚቀጥለው ክረምትም ታየኝ፤ ሌላ የውጭ በረኛ፣ እኔም ከጀርባው። ከዚያም የሚቀጥለው። በመጨረሻ ጎልማሳ ሆኜ፣ ጢም አብቅዬ፣ ከባህር ዛፍ ምሰሶ ጀርባ የሰው ቃል ስጮህ።

«እሺ፣ እሱ አላለም እንበል» አልኩ። «እኔ እላለሁ። በረኛው እኔ ነኝ። ፍጻሜውን እኔ ነኝ የምገባው።»

ጋሽ ታደሰ ከግድግዳው ዞሩ። «ይሄን ማን አለ? አማኑኤል ነው ወይስ አንተ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አሁን ከአንተ የወጣ ነው? ማንም ሳይልህ?»

«አዎ።»

ጋሽ ታደሰ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ ይወጣው እንደሆነ እንደሚጠብቁ ሁሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ከድር ዞረው «አይተነፍስም» አሉ። «ከድር፣ ይሄ ልጅ ገጥሟል። ይገባል።» ሙሌ መጥቶ ጀርባዬን በመዳፉ መታኝ። አማኑኤል ምን እንደተባለ ጠየቀኝ። አስተረጎምኩለት። ይህችኛዋን ስተረጉም አላፈርኩም።

ፍጻሜው ከአዲሱ ገበያ ልጆች ጋር ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ገንፎ ሆኗል። ጎሉ ውስጥ ስቆም ከጀርባዬ ማንም የለም፤ ሕጉ ነው። ለአፍታ ያ የድሮው ዝምታ ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያው ኳስ ከማዕዘን ተሻማ። ሙሌ ሊዘል ጉልበቱን ሲያጥፍ አየሁት።

«የኔ!»

ሙሌ ባለበት ደርቆ ቀረ። ኳሷን ከራሱ በላይ ለቀምኳት። ሲዞር ዓይኑ ፈጦ «ሰማሁህ እኮ፣ እናቴም ቤት ሆና ሰምታሃለች» አለኝ።

ነገሩን ላሳጥረው። እኛ አገባን፤ እነሱ አገቡ። የእነሱ ጎል ከተከላካያችን እግር ነክታ የተለወጠች ስለሆነች ማንንም አልወቅስም፤ ራሴንም ጨምሮ። አማኑኤል ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ ያለማቋረጥ «ይያዙ! ይውጡ! እግዜር ይስጥልኝ!» ይላል፤ ዳኛው ሁለት ጊዜ ፊቱን ሸፍኖ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ሰዓቱ አለቀና ወደ መለያ ምት፣ በጋሽ ታደሰ ቋንቋ ወደ ሪጎሬ ሄድን። አንዷን አዳንኩ፤ በቀኝ በኩል፣ ጭቃው ላይ ተንሸራትቼ። ከእኛም አንዱ ቀድሞ ስቶ ነበር፤ የመጨረሻዋን ለመምታት ሙሌ መጣ። የሙሌ ኳስ እስካሁን ድረስ እንጦጦ ላይ እየተፈለገች ነው።

ተሸነፍን።

ከደጋፊው መሀል አንዱ ወዲያው «አማኑኤል ቢሆን ኖሮ!» ብሎ ጮኸ። መቼስ ይህች ቃል እንዳትቀር። ጋሽ ታደሰ ግን ዞር ብለው «አማኑኤል ቢሆን ኖሮ ሪጎሬም ባልደረስን!» አሉት። ለዋንጫው አለቀስኩ፤ ለዚህ ደግሞ በዚያው እንባ ውስጥ ደስ አለኝ።

አማኑኤል ብዙም ሳይቆይ ክፍለ ሀገር ክለብ አገኘና ሄደ። አሁን እዚያም ከኋላው አንድ ተጠባባቂ የአገር ልጅ እንዳለ በስልክ ነግሮኛል። «ስሙን ጠይቀኸዋል?» አልኩት። «በመጀመሪያው ቀን» አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ሰፈሩ ትምህርት ያገኘ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ከድር ከሱቃቸው መስኮት አጨብጭበው ጠሩኝ።

«ብሩኬ፣ ደኅና ነህ? እናትህስ? ስማ፣ በረኛስ አለን፤ ለመጪው ክረምት በረኛ አያሳስበንም» አሉኝ። ደረቴ ነፋ አለ። «የጎደለን አጥቂ ነው። አንድ የውጭ ልጅ ተገኝቷል፤ ኳስ ይገድላል አሉ። ብቻ እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ፈረንሳይኛ ነው የሚናገረው።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በመስኮቱ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ፈረንሳይኛ እስከ ክረምት ይለመዳል አይደል? ከመስመሩ ዳር ትቆምለትና...»

«አልችልም ጋሼ! እኔ በረኛ ነኝ!»

ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ዞሮ አየን። ጋሽ ከድር በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ያዙ።

«እሺ፣ እሺ፣ ሰማን!» አሉኝ። «ምን ያስጮህሃል ልጄ?»

በሕይወቴ እንዲህ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር።